አርባው ሳይወጣ

እኔ መቀመጥ አልችልም። የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ለቅሶ ቤት ስሄድ እንኳ ድንኳን ውስጥ ሩብ ሰዓት ከቆየሁ ወንበር ላቀብል፣ ውኃ ላምጣ ብዬ እነሣለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጎንደር ደባርቅ ሚኒባስ ስነዳ የኖርሁት ለእንጀራ ብቻ አልነበረም፤ ሌላ ሥራ ብይዝ ኖሮ ወንበሩ ይገድለኝ ነበር። ባለቤቴ "ሾፌርስ ተቀምጦ አይደል የሚውለው?" እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው፤ ግን እኔ ብቀመጥም መንገዱ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ሰው ነው ዐሥራ ሦስት ወር ቤት ውስጥ የተቀመጠው። ፖሊስ አልያዘኝም፣ ዳኛ አልፈረደብኝም፣ በሬ ላይ ጠባቂ አልቆመም። በሩ የሚዘጋው ከውስጥ ነበር፤ የምዘጋውም እኔው ነበርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ በደባርቅ መንገድ ባለችው ኮሶዬ ላይ የአባታችንን መሬት ያርሳል። በአንድ ሰኔ፣ እርሻ ሲጀመር፣ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ተጣላ። የተጣሉባትን መሬት አውቃታለሁ፤ ሁለት በሬ ጎን ለጎን አታቆምም። ወንድሜ በዱላ መታው። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ወንድሜ በዚያው ቀን ሄዶ እጁን ሰጠ፤ ኋላም ተፈረደበትና ጎንደር ማረሚያ ቤት ገባ።

በእኛ አገር ግን ነገሩ በዳኛ ፍርድ አያበቃም። የሟች ወንድም ደም መመለስ አለበት። ካልመለሰ ገበያ ላይ ሰው ከላይ እስከ ታች ያየዋል፣ ጠላ ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ገዳዩ እስር ቤት ስለሆነ አይገኝም፤ ስለዚህ የሚፈለገው ወንድሙ ነው። ሴት አትነካም፣ ሕፃን አይነካም። ወንድሜ ደግሞ ያለው አንድ ወንድም ብቻ ነው፤ እሱም በየቀኑ በሟች ደጃፍ ሚኒባስ ይዞ የሚመላለሰው እኔ ነኝ።

ደመኛዬን በደንብ አውቀዋለሁ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንቹን ጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ ጭኜ ጎንደር አወርደው ነበር። ሁልጊዜ ገቢና፣ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። ጭምት ሰው ነው፤ ከኮሶዬ ጎንደር እስክንደርስ አንድ ሁለት ቃል ቢናገር ነው። አንድ ቀን ጎማ ፈንድቶብኝ ሌላው ተሳፋሪ ሲያጉረመርም እሱ ጋቢውን አውልቆ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አብሮኝ ብሎን ሲፈታ ቆየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድሁት። እንግዲህ ይህ ሰው ሊገድለኝ ይገባል ማለት ነው።

ሰውየው በሞተ ዕለት ጠዋት አጎቴ ከኮሶዬ ደወለ። መኪናዋን ላስነሣ ቁልፍ ይዤ በር ላይ ነበርሁ።

"ዛሬ እንዳትመጣ" አለኝ።

"ነገስ?"

"ነገም። ከቤት እንዳትወጣ።"

"እስከ መቼ?"

"እርቅ እስኪወርድ ነዋ! ምነው፣ ያገሩን ወግ ረሳኸው?" ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

የምንኖረው ጎንደር፣ አራዳ ነው፤ ከአንድ አዛውንት የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ጀርባ ባለ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን። ሰውየውን ሐጂ እንላቸዋለን። አባታቸውም አያታቸውም እዚያው አራዳ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። ጨርቅ ሲለኩ ቸኩለው አያውቁም፤ ሜትሩን ዘርግተው፣ እጃቸውን አሳርፈው፣ ስለ ገዢው ከብት ጤና ጠይቀው ነው መቀሱን የሚያነሡት። እኔ አጠገባቸው ስቆም እጄን ያሳክከኝ ነበር።

መኪናዋን ለሌላ ሾፌር ሰጠሁ። ባለቤቴ ታስተምር ስለነበር ጠዋት ትወጣለች፣ ሁለቱ ሴት ልጆቻችንም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እኔ እቀራለሁ። ከበሩ እስከ መስኮቱ ሰባት እርምጃ ነው። ከመስኮቱ እስከ በሩ ስድስት ተኩል ነው፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። በመጀመሪያው ሳምንት የበሩን ማጠፊያ ፈትቼ ገጠምሁ። ቧንቧውን ፈታሁ። ደህና የሚሠራ ሬዲዮ ፈታሁና ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ ዙሪያዋን ታያለች፣ ከዚያ ነው እግዚአብሔር ይመስገን የምትለው።

ከሁሉ የከፋው የመኪናዬ ድምፅ ነበር። ሾፌሩ ጠዋት ከመነኻሪያ በፊት በእኛ ሰፈር ያልፋል። ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነው የሚያስጮኻት። "ሁለተኛ አድርግላት እንጂ አንተ ሰውዬ!" እያልሁ ግድግዳውን እደበድባለሁ። ፍሪሲዮኗ ሲቃጠል የሸተተኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ልቅሶ ልቅሶ ይለኛል፤ አላለቅስም፤ ቧንቧውን እንደገና እፈታለሁ።

በዚህ ዓይነት ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሰው መሆን አቃተኝ። ስልክ አንሥቼ ኮሶዬ ላሉት ዘመዶቼ መደወል ጀመርሁ። ሽማግሌ ላኩ፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ ነገሩን ጨርሱ። አጎቴ "ቆይ እንጂ" ይላል። እኔ ከሰዓት በኋላ እንደገና እደውላለሁ።

ሐጂ ይህን የሰሙት በመስኮት ነው። ጮክ ብዬ ነበር የማወራው። ቀስ ብለው ገቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"አንተ ሰው" አሉኝ፤ "እኔ ሙስሊም ነኝ። የእናንተን ሥርዓት እኔ ላስታውስህ? የሰውየው አርባ ገና መቼ ወጣ? አርባው ሳይወጣ ሽማግሌ መላክ ሐዘንተኛን መስደብ ነው።"

"ሐጂ፣ እኔ እኮ ልሞት ነው።"

"ሞተሃል እንዴ? የሞተው እኮ ሌላ ሰው ነው።"

ይህን ሲሉኝ ተናደድሁባቸው። እሳቸው ሱቅ ይሄዳሉ፣ መስጊድ ይሄዳሉ፣ ሰው ሰላም ይላሉ። ለነጻ ሰው መምከር ቀላል ነው ብዬ በልቤ ሰደብኋቸው። እሳቸው እንደወጡ አጎቴ ጋ ደወልሁ። አጎቴ ነህ ወይስ ምንድን ነህ፣ የአባቴን አጥንት ረሳህ፣ የማይባል ነገር ሁሉ አልሁት። ሰውየውን ሰለቸው። በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌና አንድ ቄስ ይዞ ወደ ሟች ቤት ሄደ።

የሆነውን አጎቴ ራሱ ነው የነገረኝ። የሟች እናት በራፉ ላይ ቆመው ተቀበሏቸው። ግቡም ውጡም አላሉም። ሽማግሌዎቹ መስቀል የያዙትን ቄስ አስቀድመው፣ ስለ ማርያም ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እናት አንድ ነገር ጠየቁ።

"የዚያ ሰው ወንድም፣ ሾፌሩ፣ ቤት መዋል ሰለቸው መሰለኝ?"

ሴትየዋ በአንድ ጊዜ ልቤን አገኙት።

"የእኔ ልጅ አፈር ከገባ ዐሥራ ሰባት ቀኑ ነው። እሱ መውጣት አይችልም። የናንተውም ይቆይ።"

ከዚያ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ሽማግሌ የሚባል ደጃቸውን እንዳይረግጥ ምለው በሩን ዘጉ። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር። "አርባው እንደወጣ ብንሄድ ይቀበሉን ነበር። ነግረውን ነበር፤ በጎረቤት በኩል" አለኝ። ስልኩን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሃያ ሦስት ቀን መታገሥ አቅቶኝ ዓመት ፈረድሁ። የፈረድሁት በራሴ ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣም። መስቀልን በመስኮት አየሁት ማለት ይቻላል። ጥምቀት ሲመጣ ታቦታት ሲወርዱ ከሩቅ ከበሮው ይሰማኛል፤ ባለቤቴና ልጆቼ ነጭ ለብሰው ሲወጡ በሩን ዘጋሁና መልሼ ከፈትሁት፣ እንደገና ዘጋሁት። ልጆቼ ሲመለሱ ሁሉን ነገር ሊነግሩኝ ይሽቀዳደማሉ። ትልቋ ግን ፊቴን አየችና በመሃል አቋረጠች። ከዚያ በኋላ ውጪ ስለዋሉት ነገር ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። እንደዚያ ቀን በራሴ ያፈርሁበት ጊዜ የለም።

የታሰረው ወንድሜ ደግሞ ደህና ነበር። ባለቤቴ በየእሑዱ ስንቅ ትወስድለታለች። እንጨት ሥራ ተምሮ በርጩማ ይሠራል፤ ግቢው ውስጥ ኳስ ይጫወታል፤ ወፍሯል። አንድ እሑድ መልእክት ይዛልኝ መጣች፤ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በር ላይ ቆመች።

"ወንድምህ ምን አለ መሰለህ? 'ምነው ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ አይጠይቀኝም? እዚሁ ጎንደር ሆኖ!' አለ።"

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ያገኘሁትን ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ወረወርሁት። ባለቤቴ መጥረጊያውን አምጥታ ለእኔ ሰጠችኝ።

በመጋቢት ይመስለኛል፣ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት አንድ ሰው መቀመጥ ጀመረ። ጢሙን ያሳደገ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው የተከናነበ፣ የገጠር ሰው። ጫማ ጠጋኙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ እኛ በር ያያል፤ ወደ እኩለ ቀን ይሄዳል። በማግሥቱ ይመጣል። ሐዘንተኛ ነው ጢሙን የሚያሳድገው፤ ደመኛ ነው በር የሚጠብቅ። የላኩት ዘመዳቸው ይሆናል አልሁ። ልጆቼ በጓሮ በኩል በጎረቤት ግቢ እንዲወጡ አደረግሁ። በአራተኛው ቀን ሐጂን ጠርቼ በመጋረጃው ቀዳዳ አሳየኋቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው ቆይተው አዩት፣ ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። አጠገቡ ሄደው ተቀመጡ። ብዙ አወሩ። ከዚያ ሐጂ ሰውየውን እጁን ይዘው አስነሡትና ከግቢያችን አጠገብ ባለው የጥርስ ክሊኒክ ይዘውት ገቡ።

ሰውየው ከዛሪማ ነው የመጣው። ጥርሱ አብጦ አራት ቀን ክሊኒኩን እያየ ሲቀመጥ የነበረው መግባት ፈርቶ ነው። ሐጂ ሲመለሱ "እሱ መርፌ ይፈራል፣ አንተ እሱን ትፈራለህ፤ እኔ ሁለታችሁንም ሳስታምም ሱቄ ተዘግቶ ዋለ" አሉኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ያን ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ ሳስበው እስር ማለት ይኸ ነው አልሁ። የታመመ ሰው አይተህ ገዳይ ይመስልሃል።

አንድ ጊዜ ብቻ ልወጣ ነበር። ዝናብ ያባራበት ጠዋት ነው። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም፤ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። የግቢውን በር መቀርቀሪያ ይዤ ቆሜ ሳለ ሐጂ ከኋላዬ መጡ። ተመለስ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉኝም። እጃቸውን ሰድደው በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ሁለታችን ደፉ ላይ ቆመን መንገዱን አየን። ባጃጅ አለፈ። ሁለት ቄሶች ጥላ ይዘው አለፉ። ውኃ የጫነች አህያ አለፈች፤ በእግዜር ስም፣ አህያዋን ቀናሁባት። ሐጂ አሥር ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆመው "በቃህ?" አሉኝ። አልበቃኝም፤ ግን ገባሁ።

በሚቀጥለው ሰኔ ሙት ዓመቱ ወጣ። የሐጂ የእርቅ ጉዞ የጀመረው ያኔ ነው። በሁለቱም ቤተሰብ ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ የእኛን የሠርግ ልብስ የሸጡት እሳቸው፣ የሟቹን መግነዣ አቡጀዲ የሸጡትም እሳቸው። ሱቃቸውን ዘግተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በሚኒባስ ኮሶዬ ወጡ። የመጀመሪያው ጊዜ እናት አላነጋገሯቸውም። ሁለተኛው ጊዜ ወተት ሰጥተው ሸኟቸው። በሦስተኛው ጊዜ ሲመለሱ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ በቀጥታ እኔ ጋ መጡ።

"ጫማህን ጥረግ" አሉኝ። "እሑድ ትሄዳለህ።"

እሑድ ማልደን ወጣን። ሌላ ሰው እየነዳ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ ያን መንገድ ከዐሥራ ሦስት ወር በኋላ አየሁት። እያንዳንዱን ጠመዝማዛ አውቀዋለሁ፤ ሰውነቴ ከመኪናው ቀድሞ ይዞር ነበር። ኮሶዬ ስንደርስ ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ ሳልፈልግ እንባዬ መጣ። ሰው ሁሉ ፀፀት መስሎት በአክብሮት አየኝ። እውነቱን ለመናገር ደስታ ነበር።

እርቁ የተደረገው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ጽድ ዛፉ ሥር ነው። እንደ ሥርዓቱ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ነጠላዬን አደግድጌ፣ በባዶ እግሬ ገባሁ። የሟች ወገኖች ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበር የተቀመጡት። ቄሱ ጸለዩ፣ ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ ሐጂም በጎን ቆመው ለመኑ። ድንጋዩ አንገቴን ሊቆርጠው ሲደርስ አንድ እጅ አነሣልኝ። ቀና ስል ደመኛዬ ነው። ፊቱ ላይ ጢም የለም፤ ከሳ እንጂ እንደዚያው ነው። ጉንጬን ሳመኝ። ቄሱ ከዛሬ ወዲያ ይህን እርቅ ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን ብለው ገዘቱ። ካንድ ትሪ በላን።

ምግቡ ላይ እያለን ነው ነገሩን ያየሁት። የሟች እናት መስቀሉን ሊሳለሙ ወደ ቄሱ ሲሄዱ የቄሱን ክርን ሳሙ። አንዲት ሴት እጃቸውን ይዛ መለሰቻቸው። ትሪውም ላይ እንጀራውን በእጃቸው ዳብሰው ነበር የሚያገኙት።

ቅጥሩ ላይ ተደግፈን ከደመኛዬ ጋር ብቻችንን ስንሆን "እናትህ ዓይናቸውን ያማቸዋል እንዴ?" አልሁት።

"አይ። ጠፍቷል" አለኝ።

"መቼ?"

ጭምት ነው ብያለሁ። ያን ቀን ግን በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል፣ ተናገረ።

"ወንድሜ በሞተ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ጀመራቸው። ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው፣ ጎንደር ውረዱ አሉን። ቶሎ ውረዱ፣ የዓይን ግፊት ነው አሉን። እኔ ነኛ የምወስዳቸው፤ ማን አላቸው? ከሰው ጋር ልላካቸው ብል 'አንተ ከሌለህ አልሄድም' አሉ። እኔ ጎንደር እንዴት ልውረድ? አንተ አለህ።"

"እኔማ ቤት ተዘግቼ..."

"ተዘግተሃል ይላሉ፤ መቀመጥ እንደማትችል ግን አውቃለሁ። መንገድ ላይ ድንገት ብንገናኝስ? አይቼህ ባልፍ አገር አያኖረኝም፣ አጎቶቼ አያኖሩኝም። ባላልፍህ ደግሞ..." ድንጋይ አነሣና ወረወረ። "አንተ ሸጋ ሰው ነበርህ። የልጆች አባት ነህ። ልገድልህ አልፈለግሁም። ስለዚህ እንዳላይህ ዓመት ሙሉ ከኮሶዬ አልወጣሁም። ቅዳሜ ገበያ እንኳ ድንቹን ሰው ነው የሚሸጥልኝ። ስለማልወርድ ፈሪ አሉኝ። ልጆች ሳይቀሩ። ይበሉ።"

እኔ ሰባት እርምጃ ስቆጥር፣ ይኸ ሰው በአገሩ ሜዳ ላይ ታስሮ ከርሟል። እሱን የፈራሁትን ያህል እኔን ፈርቶኛል። ከዚያ ቀኑን ማስላት ጀመርሁ። አርባው እንደወጣ ታርቀን ቢሆን ኖሮ የእናቱ ዓይን ገና አልታመመም ነበር። በሁለተኛው ወር ሲጀምራቸው በራሴ መኪና፣ ገቢና አስቀምጬ አወርዳቸው ነበር። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም አልለቀቀኝም።

"ሰኞ እመጣለሁ" አልሁት። "እኔ እወስዳችኋለሁ። ምናልባት ይድኑ ይሆናል።"

ሰኞ ጠዋት መኪናዬን ተረክቤ ወጣሁ። ኮሶዬ ደርሼ በራቸው ላይ ቆምሁ። እናት ገቢና ገቡ፤ ልጃቸው ከኋላ። ማርሹን በየቦታው አለዝቤ ቀየርሁ።

ጎንደር ያገኘናት የዓይን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ቆይታ መረመረቻቸው፣ መብራት አበራች፣ ጠብታ አደረገች። እኔ ክንዳቸውን ይዤ ስለነበር ልጃቸው መሰልኋት። ወደ እኔ ዞራ በቀስታ ነበር የተናገረችው።

"የጠፋው አይመለስም። መጀመሪያ ላይ ብታመጧቸው ማቆም ይቻል ነበር። ምነው እስከ ዛሬ?"

እውነተኛው ልጅ ከኋላዬ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። አንድም ሰው የእኔን ስም አላነሣም። "አልተመቸንም ነበር" አለ ልጁ፣ እንደ ጥፋተኛ። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀችና የሕመም ማስታገሻ ጠብታ ጻፈችልን።

መኪናው ውስጥ እናትን አስቀምጬ መድኃኒቱን ልጁ ሊገዛ ሲሄድ ነገሩን በሆዴ መያዝ አቃተኝ።

"እናቴ" አልኋቸው፤ "በእኔ ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ። አጎቴ ቆይ ብሎኝ ነበር። መቀመጥ አቅቶኝ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን ይቅር አሉኝ?"

"የልጄን ደም ይቅር አልሁ፤ ተገዝቻለሁ፣ አላፈርሰውም። ዓይኔ ግን እንደማይድን ከመምጣቴ በፊት አውቅ ነበር። ኋላ ዳግም ስሄድ ጤና ጣቢያ ነግረውኛል። ለዚህ ልጄ ነው ያልነገርሁት።" ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ግን ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ ነበር የሚያዩት። "የመጣሁት አንተ በጆሮህ እንድትሰማው ነው።"

ልጃቸው መድኃኒቱን ይዞ ሲመለስ በመስኮቱ በኩል እጁን ያዙት።

"አንተ ዓመት ሙሉ ከተማ አላየህም። ሂድ፣ ዞር ዞር በል። አራዳ ውጣ። ዘመድ ካለህ ጠይቅ።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ከዚህ ጋር እቀመጣለሁ። ይጠብቀኛል።"

ልጁ አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ከተማው ወጣ፤ መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ፣ እስኪሰወርብኝ ድረስ ዞር ብሎ አላየም። እናቱ እጅጌዬን ያዙና ራሳቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ ጉልበቴን አቃጠለው። ተነሥቼ ጥላ ያለበት ቦታ መኪናዋን ላዛውራት አሰብሁ። እጃቸው እጅጌዬ ላይ ነበር፣ አላዛወርኋትም። ልጃቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ።